የጥንቱ የቴሌቪዥን ጨዋታ ዋጋው ስለ መወደዱ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ ልማድ ነውና፥ ዛሬ ከሁለቱም ጋራ የተያያዘ፥ ባንድ በኩል የሚያስቅ በሌላው በኩል የሚያሳስብ ነገር ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት ሕፃናት ይጫወቱበት የነበረው፥ አድገው ሲተዉትም እናቶቻቸው ከቤት ያወጡት የቴሌቪዥን ጨዋታ፥ ዛሬ በአሜሪካና በጃፓን አገር እጅግ በተወደደ ዋጋ የሚፈለግ ስለ መሆኑ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኢሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን የታላቅ እኅታችን ልጅ ነው። ይህ ልጅ (ልጅ ማለታችን በልማድ ነው እንጂ ዛሬ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፥ ራሱም የልጅ አባት የሆነ ሰው ነው) በ1991 ዓ.ም. ገና የ9 ዓመት ሕፃን ሳለ ከናቱ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በቨርጂኒያ ግዛት ተቀመጠ። እናቱ በሆቴል ቤት አልጋ እያነጠፈች ታሳድገው ነበር። በዚያ አገር ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ ቅዳሜ ቀን በደጃቸው ዘርግተው በርካሽ የመሸጥ ልማድ አላቸውና፥ በማግሥቱ ዓመት አንድ ቀን እታለም ከሥራ ስትመለስ ኒንቴንዶ የተባለውን የጨዋታ መኪና ከሁለት ካሴት ጋራ በ15 ዶላር ገዝታ ገባች። ልጁ የእንግሊዝኛን ቋንቋ ገና አልለመደም ነበርና ከጎረቤት ልጆች ጋራ መነጋገር ያፍር ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ልጆቹ ራሳቸው ደጁን እያንኳኩ ይመጡ ጀመር። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ባንድ መጫወቻ እየተፈራረቁ ሲጫወቱ «ያንተ ተራ ነው፥ አሁን የኔ ተራ ነው» ማለትን ተማረ። የቋንቋዬ መጀመሪያ ይህ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ አጫውቶናል።

ኋላም ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እናቱ ቤት ቀየረች። ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ መቀነሱ አይቀርምና መኪናውንም ካሴቶቹንም ባንድ ካርቶን አድርጋ ለምጽዋት ሰጠች። ማንም ሰው ሊወቅሳት አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ዕቃውን በነጻ እንኳ የሚወስደው ጥቂት ነበር። ዛሬ የእኅታችን ልጅ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለው። ለዚህም ልጅ «እኔ በዕድሜህ ሳለሁ የተጫወትሁት ይህን ነው» ብሎ ሊያሳየው ፈልጎ ዋጋ ቢጠይቅ ደነገጠ። የከፈለውን ወደ ኋላ እንናገራለን፤ አስቀድሞ ግን ስለ ዕቃው ታሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በ1889 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ነው። መሥራቹ ፉሳጂሮ ያማኡቺ ሥራውን የጀመረው የአበባ ሥዕል ያለበትን የመጫወቻ ካርታ እያዘጋጀ በመሸጥ ነበር። ይህ ካርታ ሻጭ ኩባንያ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ መጫወቻ ተሻግሮ በሐምሌ ወር 1983 ዓ.ም. ፋሚኮም የሚባለውን መኪና አወጣ፤ የስሙም ትርጓሜ የቤተ ሰብ ኮምፒዩተር ማለት ነው። መኪናው ከቴሌቪዥን ጋራ በገመድ ይገናኛል፤ ጨዋታውም ካርትሪጅ በሚባል፥ እኛ ካሴት እያልን በምንጠራው የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ተቀርጾ ለብቻው ይሸጣል። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ መኪና ገዝቶ በየጊዜው ካሴት መጨመር ይችላል ማለት ነው። ለሰብሳቢዎች መነሣት ምክንያት የሆነውም ይህ ነው፤ ነገሩ በቁጥር የተወሰነ፥ በመደርደሪያ የሚደረደር፥ የጎደለውም የሚታወቅ ነውና።

በዚያው በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የዚህ ዐይነት ንግድ ክፉኛ ወድቆ ነበር። ነጋዴዎቹ ጥራት የሌለውን ጨዋታ ያለ ልክ አብዝተው ስላወጡ ሕዝቡ ተሰላቸ፤ መደብሮቹም ገዢ ባጣ ካሴት ተጨናነቁ። አታሪ የተባለው ታላቅ ኩባንያ በአምስት ሳምንት ያህል ጊዜ ብቻ አጣድፎ ያሠራውን ኢ.ቲ. የተባለ ጨዋታ ከሌሎች ያልተሸጡ ካሴቶች ጋራ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ወደሚገኘው የአላሞጎርዶ ከተማ በጭነት መኪና አስወስዶ ከጥራጊ መጣያው ጉድጓድ ቀበረው። አንባቢው እንዲያስተውልልን የምንፈልገው የዚህን ጉድጓድ ፍጻሜ ነው። በሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካሴቶቹ ከነአሸዋቸውና ከነክርፋታቸው ወጡ። ከነዚያም 880 ያህሉ በጨረታ ተሸጠው ወደ 108 ሺሕ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተገኘባቸው፤ ጥቂቱም በሙዚየም ተቀመጠ። አዲስ ሳለ በርካሽ እንኳ ገዢ ያጣው ዕቃ፥ ጥራጊ ከሆነ ከ30 ዓመት በኋላ ገዢ አገኘ።

ኒንቴንዶ ወደ አሜሪካ የመጣው ከዚህ ውድቀት በኋላ፥ በ1985 ዓ.ም. መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ ሙከራ በማድረግ ነው። ሙከራውም ተሳካ፤ ይህ መኪና በዓለም ሁሉ ወደ 62 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለው ጨዋታ ብቻ 40 ሚሊዮን ያህል ወጥቶለታል። ስለዚህ የዚህ ጨዋታ ተራ ካሴት ዛሬም ቢሆን በጥቂት ዶላር ይገኛል። ሁሉም አሮጌ ጨዋታ የከበረ ዕቃ ነው ብሎ የሚያወራ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ከቤቱ ጓዳ አንድ አሮጌ ካሴት አግኝቶ «ሀብታም ሆንሁ» ብሎ የጮኸ ብዙ ሰው፥ ወደ ገበያ ሲሄድ የምሳ ዋጋ ብቻ ይዞ ተመልሷል።

የሚወደደው ሌላው ነው። በመጀመሪያ በቁጥር ጥቂት ሆኖ የወጣው አለ። ለምሳሌ በ1987 ዓ.ም. ባንዳይ የተባለው ኩባንያ ስታዲየም ኢቨንትስ የሚል የሩጫ ጨዋታ አወጣ፤ ተጫዋቹ በእግሩ ምንጣፍ እየረገጠ የሚሮጥበት ነው። ኒንቴንዶ ወዲያው የምንጣፉን መብት ገዝቶ በራሱ ስም ሊሸጠው ስለ ፈለገ የቀድሞው ካሴት ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ከመሰብሰቡ በፊት የተሸጠው 200 ያህል ነው ይባላል። በ2010 ዓ.ም. አንዲት የሰሜን ካሮላይና ሴት ከአሮጌ ዕቃዋ መካከል አውጥታ ለሽያጭ ያቀረበችው ከነሣጥኑ በ13,105 ዶላር ተሸጠላት። ወሬው ከተሰማ በኋላም ከነመጠቅለያው ያልተከፈተ ሌላ ካሴት በዚያው ዓመት 41,300 ዶላር አወጣ። ጨዋታው ራሱ ግን፥ ስሙ ብቻ ተለውጦ፥ በኒንቴንዶ እጅ በብዛት የተሸጠ ተራ ጨዋታ ነው። እንግዲህ የተገዛው ሩጫው ነው ወይስ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም፥ ፍርዱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ሁለተኛው ደግሞ በወጣበት ዘመን ብዙ ሰው ሳይገዛው ቀርቶ በኋላ ዝናው የገነነ ነው። ኧርዝባውንድ የተባለው ጨዋታ በ1995 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከመምሪያ መጽሐፉ ጋራ በትልቅ ሣጥን ይሸጥ ነበርና ዋጋው ከሌላው ከፍ ያለ፥ ሥዕሉም ለዚያ ዘመን ልጆች ያረጀ የሚመስል ስለ ሆነ ገዢው አነስተኛ ሆነ፤ በዚያ አገር የተሸጠው 140 ሺሕ ያህል ነው። ዛሬ ካሴቱ ብቻውን በመቶ የሚቆጠሩ ዶላሮች ያወጣል፤ ሣጥኑና መጽሐፉ ሳይጎድል የተገኘ እንደ ሆነ ከ1 ሺሕ ዶላር ያልፋል። የእኅታችን ልጅ በ13 ዓመቱ ከጓደኛው ተውሶ ለአንድ ክረምት የተጫወተው ይህንኑ ነበር። ሣጥን ዋጋ ያገኘበት ምክንያት ሲገባን ራሳችንም ገርሞናል፤ ፕላስቲኩን ካሴት የሚጥል ልጅ የለም፥ የወረቀቱን ሣጥን ግን በገዛበት ቀን የማይቀድና የማይጥል ልጅ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ከካሴቱ ይልቅ ብርቅ ሆነ።

ሦስተኛውና ዓለምን ያነጋገረው ያልተከፈተው ነው። በ2019 ዓ.ም. አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ100,150 ዶላር ተሸጠ ተብሎ ተወራ፤ ይህም በኒው ዮርኩ የሙከራ ዘመን በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ታሽጎ ከቀረቡት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየገሠገሠ ሄደ። በሐምሌ ወር 2020 ሌላው በ114,000፥ በኅዳር ወር ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3 በ156,000፥ በሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ660,000 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ሄሪቴጅ በተባለው የጨረታ ቤት ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ 870,000 ዶላር አወጣ፤ ሁለት ቀን አልፎ ሱፐር ማሪዮ 64 በ1,560,000 ዶላር ተሸጠ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ አንድ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ ተባለ። ይህን የኋለኛውን የሸጠው ኩባንያ በ2020 ዓ.ም. በ140,000 ዶላር ገዝቶ፥ ባለቤትነቱን በአክሲዮን ከፋፍሎ ለብዙ ሰው ሸጦት የነበረ ነው።

ሱፐር ማሪዮ 64 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ዋጋው 60 ዶላር ያህል ነበር፤ የተሸጠውም ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ነው። ብርቅ ዕቃ አይደለም። ብርቅ የተባለው መጠቅለያው ነው። ገማቾቹ ዕቃውን መርምረው ከ10 ነጥብ 9.8 ሰጡት፤ በጠንካራ ፕላስቲክም ከድነው አሸጉት። ይህን ዕቃ የገዛ ሰው ሊጫወትበት አይችልም፤ ቢከፍተው የከፈለው ገንዘብ በዚያችው ደቂቃ ይጠፋል። በአገራችን ምሳሌ ብንሰጥ፥ አንድ ሰው ብራና ዳዊት ገዝቶ ማኅደሩን አሰፍቶ፥ ስፌቱ ቢፈታ ዋጋው ይወድቃል ብሎ ሳይደግምበት እንደ መኖር ነው። ለልጁ ቢያወርሰውም ልጁ ሊከፍተው አይችልም።

ይህ ንግድ ባንድ ጊዜ እንዲህ የናረው ስለ ምን እንደ ሆነ በዚያው አገር ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ዕቃውን የሚገምተው፥ በጨረታ የሚሸጠውና የሚገዛው እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁና የጥቅም ግንኙነት ያላቸው ናቸው የሚል ትችት ተሰማ፤ በግንቦት ወር 2022 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ ግዛት በገማቹ ኩባንያ ላይ ብዙ ሰብሳቢዎችን ወክሎ ክስ ቀረበ። ክስ ቀረበ ማለት ጥፋቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለምና በዚህ ላይ ምንም አንፈርድም። ነገር ግን መዛኝና ነጋዴ ባንድ ሚዛን ሲቆሙ ገዢው ዐይኑን ቢገልጥ አይነቀፍም። ያልተከፈቱት ካሴቶች ዋጋ ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወርዷል፤ በላይኛው ዋጋ የገዙት ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ለቤተ ሰብ የሚያሳስበው ግን የሚሊዮኑ ጨረታ አይደለም፤ እርሱ የባለጠጎች ጉዳይ ነው። የሚያሳስበው ተራው ሰው የሚገዛው ተራው ካሴት አብሮ መወደዱ ነው። ምክንያቶቹን ስንመረምር ዋነኛው የዕድሜ ነገር ሆኖ አገኘነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሕፃን የነበረው ዛሬ ደመወዝተኛ ሆኗል፤ ሰውም ደመወዝ ሲያገኝ በልጅነቱ የተከለከለውን መግዛት ይወዳል። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን በቤታቸው ሲዘጋቸውና የአሜሪካ መንግሥት ለየቤቱ ገንዘብ ሲልክ ብዙ ሰው ወደዚህ ነገር ዞረ፤ ዋጋውም በጥቂት ወራት ውስጥ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ በመጠኑ ቢበርድም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በጃፓን አገር ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በቶኪዮ በአኪሃባራ ሠፈር የሚገኙት የአሮጌ ጨዋታ ሱቆች በርካሽነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ የጃፓን ገንዘብ ተዳክሞ በ2024 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ እስኪመነዘር ድረስ ሲወርድ፥ ከውጭ አገር የሚመጡ መንገደኞች ሻንጣቸውን እየሞሉ ወሰዱት። ለአገሩ ሰው ግን ደመወዙ የሚከፈለው በየን ነውና ተወደደበት።

ደግሞ መኪናው ራሱ ያረጃል፤ ማስጠገኛውም ገንዘብ ይፈልጋል። ተጫዋቹ ጨዋታውን ካቆመበት እንዲቀጥል ምልክት የሚይዙት ካሴቶች በውስጣቸው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለችባቸው፤ እርስዋም ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ስትሞት የልጅነት ድካም ሁሉ አብሯት ይጠፋል። አዲስ ባትሪ በብየዳ ማስገባት ይቻላል፤ የጠፋው ምልክት ግን አይመለስም። የዚያ ዘመን ልጆች ካሴቱ አልሠራ ሲላቸው ከአፉ ላይ እፍ ይሉበት ነበር፤ ይህን የማያውቅ የኒንቴንዶ ልጅ የለም። ኩባንያው ግን የትንፋሽ ርጥበት ብረቱን ያዝገዋል ብሎ ይከለክል ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቴሌቪዥኑ ነገር ነው። የእኅታችን ልጅ ካሴቶች አንዱ ዳክዬ በጠመንጃ የሚታደንበትን ጨዋታ የያዘ ነበር። ልጁ ምላጩን ሲስብ ቴሌቪዥኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ይበራል፤ በጠመንጃው አፍ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚለይ መሣሪያም ያን ነጭ ብርሃን ካየ ተመታች ይላል። ይህ የሚሆነው ሥዕሉን በመስመር በመስመር ወዲያው በሚሥለው በጥንቱ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። የዛሬው ስስ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ጥቂት አዘግይቶ ስለሚያወጣ ጠመንጃው ምንም አያይም። ስለዚህ ከ15 ዓመት በፊት ሰዎች ወደ ጥራጊ ለማስወሰድ ገንዘብ የከፈሉበት ከባድ ቴሌቪዥን ዛሬ ገንዘብ ተከፍሎበት ወደ ቤት ይገባል።

ዋጋ በወጣበት ሁሉ አስመሳይ አይጠፋም። የውሸት ካሴት በብዛት ይሠራል፤ ውጭውም እውነተኛውን በጣም ይመስላል። ለመለየት የሚፈልግ ሰው የተለጣፊውን ሥዕል ጥራትና የፕላስቲኩን ቀለም ከታወቀ እውነተኛ ጋራ ያስተያይ፤ ከተቻለውም ልዩ ቡሎን መፍቻ ገዝቶ ካሴቱን ይክፈትና በሰሌዳው ላይ የኩባንያው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ታትሞ እንደ ሆነ ይመልከት። ከሁሉ በፊት ግን ዋጋው ይናገራል። በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በሩቡ ዋጋ ከቀረበ፥ ሻጩ የዋህ ነው ብሎ ራሱን የሚያሞኝ ገዢ ነው የዋሁ።

የእኅታችን ልጅ በዚህ ተሰናክሏል። መኪናውን ከተጠገነ በኋላ በ120 ዶላር፥ ቴሌቪዥኑን በ80 ዶላር፥ ጥቂት ካሴቶችን በ130 ዶላር ገዛ። ይህ ሁሉ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ያን የክረምቱን ጨዋታ ካላገኘሁ ብሎ በ140 ዶላር ከማያውቀው ሰው ገዛ። ካሴቱ ሦስት ቀን ሠርቶ በአራተኛው ቀን ልጁ የደረሰበትን ምልክት ሁሉ አጠፋ፤ ቢከፍተው ውስጡ የውሸት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ የባንኩ ሒሳብ ሲመጣ ባለቤቱ 470 ዶላር የወጣበትን አየች። ለልጁ የጥርስ ማስተካከያ መጀመሪያ የሚሆን ገንዘብ ያስቀመጡት ከዚያው ሒሳብ ነበርና ተቈጣች። እርሱም ነገሩን ከማመን ይልቅ «ለልጁ ብዬ ነው» አለ። እርስዋም «ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቆህ ያውቃልን?» ብላ መለሰችለት። መልስ አላገኘም።

ከዚህ የከፋው ግን ከናቱ ጋራ የሆነው ነው። በስልክ ሲያጫውታት በቀልድ አስመስሎ፥ «እማዬ፥ ያን ካርቶን ባትሰጪው ኖሮ ይህን ሁሉ ገንዘብ አላወጣም ነበር» አላት። እታለም ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፥ «ልጄ፥ በዚያን ጊዜ በሰዓት የሚከፈለኝ 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር፤ ያን ዕቃ የገዛሁልህ ሦስት ሰዓት ተኩል አልጋ አንጥፌ ነው፤ የሰጠሁትም እንዳንተ ላለ ልጅ ይድረስ ብዬ ነው» አለችው። ይህን የነገረችን ራስዋ ናት፤ ስትነግረንም ከፍቷት ነበር። እኛም ለእኅታችን ልጅ የጻፍንለት ደብዳቤ ከዘመድነት ጋራ ጥቂት ተግሣጽ የነበረበት ነው፤ ደብዳቤው ለእርሱ ብቻ ስለ ሆነ በዚህ አናትመውም። ይቅርታ እንደ ጠየቃት ግን ሰምተናል።

በዚህ ነገር ላይ የገንዘብ ምክር ለሚጠይቀን፥ ሰብሳቢነት እንደ ማንኛውም የቤት ወጪ ሁሉ ባልና ሚስት ተነጋግረው በወር የሚቆርጡለት ልክ ይኑረው፥ ትርፍ አገኝበታለሁ በሚል ተስፋም አይገዛ እንላለን። መጫወት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ኒንቴንዶ ራሱ በ2016 ዓ.ም. 30 ጨዋታ የያዘች ትንሽ መኪና በ60 ዶላር አውጥቶ ነበር፤ እርስዋም ወዲያው አልቃ አትራፊ ነጋዴዎች በእጥፍ ሸጧት፤ በ2018 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ ነው ሁሉ የደረሰው። ከዚያው ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮም በዓመት ክፍያ ብዙ የጥንት ጨዋታዎችን በአዲሱ መኪናው ያቀርባል፤ የእኅታችን ልጅ በውሸት ካሴት የተታለለበት ጨዋታ ከየካቲት ወር 2022 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ይገኛል። ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ 140 ዶላሩ በኪሱ ይቀር ነበር፤ ቢያውቅም ይገዛው ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

ነገር ግን በክፍያ የሚቀርበው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረበውም ኩባንያው በፈለገ ቀን ይዘጋል። በመጋቢት ወር 2023 ዓ.ም. ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ ለተባሉት ሁለት መኪናዎቹ ጨዋታ የሚሸጥበትን የኢንተርኔት መደብር ዘጋ፤ በዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩትን ጨዋታዎች ከዚያ ቀን በኋላ በሕጋዊ መንገድ አዲስ ገዢ ሊያገኛቸው አልቻለም። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበር ባወጣው ጥናት፥ በአሜሪካ ከ2010 ዓ.ም. በፊት ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ ዛሬ በገበያ እንደማይቀርቡ ገልጿል። ስለዚህ ሊያያቸው የሚፈልግ ሰው ወይ የተወደደውን አሮጌ ካሴት መግዛት፥ ወይ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ መፈለግ፥ ወይም ደግሞ እንደ ሮቼስተር ከተማው የጨዋታ ሙዚየም ወዳለ ስፍራ ድረስ መጓዝ ሊኖርበት ነው። የመጻሕፍት ቤቶች እነዚህን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች ከሩቅ ለማሳየት እንዲፈቀድላቸው ቢለምኑ፥ የአሜሪካ የድርሰት መብት መሥሪያ ቤት በጥቅምት ወር 2024 ዓ.ም. ልመናቸውን አልተቀበለም። ኩባንያዎቹ ሰዎች ጥናት እያሉ ይጫወቱበታል ብለው ተከራክረው ነበርና። በዚያ አገር ሕግ የኩባንያ ድርሰት ከወጣ ጀምሮ 95 ዓመት ይጠበቃል፤ በ1985 ዓ.ም. የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ እስከ 2080 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በባለቤቱ እጅ ይኖራል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የእኅታችን የልጅ ልጅ ከ60 ዓመት በላይ ይሆነዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ልንልክ ስንሰናዳ ከቨርጂኒያ ሌላ ወሬ ደረሰን። እታለም ከዚያ ንግግር በኋላ ነገሩ ከልቧ ስላልወጣ፥ ቤት በቀየረች ጊዜ ዕቃ ያግዙላት ወደ ነበሩት ዘመዶች ሁሉ ስልክ ደውላ ጠየቀች። አንደኛዋ ዘመድ ከምድር ቤቷ አንድ ካርቶን አገኘች፤ ልጁም በመኪና ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሄደ። ካርቶኑ ውስጥ የተገኘው የአሮጌ ስልክ ገመድ፥ የትምህርት ቤት ደብተሮችና ከኒንቴንዶው መጫወቻዎች አንዱ ብቻ ነው፤ መኪናውም ካሴቶቹም የሉበትም። መጫወቻው አንዱ ቁልፍ ይይዛል። ይኸው ቁልፍ በ1993 ዓ.ም. የብርቱካን ጭማቂ ከፈሰሰበት ጀምሮ እንዲሁ እንደ ነበረ አውቆታል። ወደ ቤቱ ይዞት ተመልሶ ከ120 ዶላሩ መኪና ጋራ አገናኝቶታል፤ ልጁም «ይህ ቁልፍ አይሠራም» እያለ በሌላኛው መጫወቻ ይጫወታል።